ሳይቃጠል በቅጠል፡- የዊንዶውስ አሮጌ በርና የእኛ ፋይሎች

ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ለዜና ዝግጅት ኮርስ የቡድን ሥራ ተሰጥቶን ነበር። አምስት ሆነን በድሬዳዋ ገበያዎች መሬት ላይ ዘርግተው ስለሚሸጡ ሴቶች ኑሮ ለመሥራት ተስማማን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከክፍል በኋላ እየወጣን ዘጠኝ ሴቶችን አነጋገርን። ድምፃቸውን በሞባይል ቀዳን፤ ስማቸውንና የሚሸጡበትን ቦታ አንድ ፋይል ላይ ጻፍን። ከመካከላችን ላፕቶፕ ያለው ስላልነበረ ሁሉንም ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ኮፒ ቤት ኮምፒዩተር ላይ አስቀመጥነው። ሞባይላችን ሲሞላብን ደግሞ “ያው እዚያ አለ አይደል” እያልን ቅጂውን አጠፋነው።

ሥራውን ልናስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረን ጠዋት ስንሄድ ፋይሎቹ አሉ፤ ግን አይከፈቱም። የእያንዳንዳቸው ስም መጨረሻ ላይ የማናውቃቸው ፊደላት ተቀጥለዋል። ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ “ፋይሎቻችሁን ቆልፈናል፤ ለማስከፈት ገንዘብ ክፈሉ” የሚል መልእክት ተለጥፏል። አጠገቡ ያሉት ሦስት ኮምፒዩተሮችም እንደዚያው ሆነዋል። የኮፒ ቤቱ ባለቤት ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጧል፤ የስንቱ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ እዚያ እንደነበረ እሱ ነው የሚያውቀው።

አንድ የኮምፒዩተር ሳይንስ አራተኛ ዓመት ተማሪ ለምነን አመጣን። እዚህም እዚያም ከፍቶ ካየ በኋላ “አቦ፣ ይሄ በር እኮ ከ2009 ጀምሮ መዘጋት ነበረበት!” አለ። ኮምፒዩተሮቹ ዊንዶውስ 7 ናቸው፤ ከተጫነባቸው ቀን ጀምሮ አንድም ማሻሻያ አልወሰዱም። “በዚህ በር ነው የገባው ብዬ አልምልም፤ ሌላም መንገድ አለ” አለን። ኮምፒዩተሮቹ በማግስቱ ፎርማት ስለተደረጉ ነገሩን የሚያጣራ አልተገኘም። በሩ ግን ወለል ብሎ ክፍት እንደነበር በዓይናችን አየን።

እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ እንጂ የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን ያ “በር” የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ካልገባኝ ሌላ ጊዜም እንደዚሁ እንደምሞኝ ስለገባኝ ስጠይቅና ሳነብ ከረምኩ። የተረዳሁትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ። አስቀድሜ ግን ዋናውን ነገር ልናገር፡- ይህ ክፍተት ተጠግኖ ካለቀ ዓመታት አልፈዋል። የጎደለው ጥገናው እኛ ከምንጠቀምበት ኮምፒዩተር መድረሱ ነው።

ኤስኤምቢ ምንድን ነው?

ሁለት ኮምፒዩተሮች ለመነጋገር የጋራ ደንብ ያስፈልጋቸዋል። ይህ ደንብ ፕሮቶኮል ይባላል። ማን ቀድሞ ይናገራል? ጥያቄው በምን ቅደም ተከተል ይጻፋል? መልሱስ እንዴት ይመለሳል? ይህንን ሁሉ የሚወስነው ፕሮቶኮሉ ነው።

ኤስኤምቢ የሚባለው ፕሮቶኮል ፋይልና ፕሪንተር በጋራ ለመጠቀም የተሠራ ነው። መጀመሪያ የተነደፈው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአይቢኤም ኩባንያ ሲሆን በኋላ ማይክሮሶፍት ወስዶ የዊንዶውስ አካል አደረገው። ኮፒ ቤት ገብተን “ሁለተኛው ኮምፒዩተር ላይ ሼር የተደረገው ፎልደር ውስጥ አለልህ” ስንባል፣ ወይም አራት ኮምፒዩተር አንድ ፕሪንተር ሲጠቀሙ ብዙውን ጊዜ ከሥር የሚሠራው እሱ ነው።

ኮምፒዩተር ለእያንዳንዱ ዓይነት ንግግር ቁጥር የተሰጠው በር አለው፤ ፖርት ይባላል። የኤስኤምቢ በር ቁጥሩ 445 ነው። ፕሮቶኮሉ እያደር ተሻሽሎ ኤስኤምቢ 2 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር፣ ኤስኤምቢ 3 ደግሞ ከዊንዶውስ 8 ጋር መጥተዋል። ሆኖም ድሮ የተገዙ ዕቃዎች እንዳይቸገሩ ተብሎ የመጀመሪያው ኤስኤምቢ 1 ለብዙ ዓመታት ሳይነሳ ቆየ። አዲስ ቤት ሠርቶ የድሮውን የጓሮ በር ሳይዘጉ እንደመተው ማለት ነው።

ስህተቱ የት ላይ ነበር?

ይህንን ክፍል ለመረዳት እኔም ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። እስቲ በመጋዘን ምሳሌ እንየው።

አንድ ነጋዴ መኪና ሙሉ ስኳር ይዞ ወደ መጋዘን መጣ እንበል። ያመጣው ወረቀት “1000 ኩንታል” ይላል። መጋዘን ጠባቂው ሲቆጥር በትክክል የሚረከበው 950 ብቻ ሆኖ አገኘ። ስለዚህ ለ950 ኩንታል የሚበቃ ቦታ አዘጋጀና ወረቀቱን ሊያርም ተነሳ። ችግሩ ይህ ሰው ሁልጊዜ የሚያርመው የመጨረሻዎቹን ሦስት አሃዞች ብቻ ነው። ሦስቱን ዜሮዎች ሰርዞ በቦታቸው 950 ጻፈ፤ ከፊት ያለችውን 1 አልነካትም። ወረቀቱ አሁን ምን ይላል? 1950! አውራጁ ደግሞ የሚያምነው ወረቀቱን ነው። ለ950 በተዘጋጀው ቦታ ላይ 1950 ኩንታል ማራገፍ ይጀምራል። ትርፉ የጎረቤቱን ክፍል ይሞላል።

በኤስኤምቢ 1 ውስጥ የሆነው ከዚህ ጋር አንድ ነው። ከጥንቱ ኦኤስ 2 ከሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የመጣ የፋይል ተጨማሪ መረጃዎች ዝርዝርን ወደ ዊንዶውስ አጻጻፍ የሚቀይር አንድ ትንሽ የፕሮግራም ክፍል ነበር። የዝርዝሩ መጠን የሚጻፍበት ሳጥን ባለ 32 ቢት ነው። ያ የፕሮግራም ክፍል ግን መጠኑን ሲያርም የሚጽፈው ባለ 16 ቢት አድርጎ ነበር። በ16 ቢት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 65,535 ስለሆነ ከዚያ በላይ ያለው የቁጥሩ ክፍል፣ ላኪው እንደጻፈው፣ ሳይነካ ይቀራል። ውጤቱ እንደ መጋዘኑ ነው፡- ቦታው ለትንሽ ይዘጋጃል፣ የሚገለበጠው ግን ብዙ ነው፤ ትርፉም ወደ ጎረቤት ሚሞሪ ይፈስሳል።

የፈሰሰው ዝም ብሎ ቆሻሻ ቢሆን ኮምፒዩተሩ ተሰናክሎ ይቆም ነበር፤ ያ በራሱ ቀላል ነው። አጥቂው ግን የሚፈሰውን አስልቶ ትእዛዝ አድርጎ ሊልከው ይችላል። ይህ ሥራ የሚከናወነው ከርነል በሚባለው በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ውስጥ ስለሆነ ትእዛዙ ሙሉ ሥልጣን ያገኛል። የይለፍ ቃል የሚጠይቀው የለም። ባለቤቱ አንድም ነገር መጫን፣ አንድም ኢሜይል መክፈት አይጠበቅበትም። ኮምፒዩተሩ በርቶ ኔትወርክ ላይ መኖሩ ይበቃል።

ጥገናውስ? ሲያዩት ያስቃል፤ መጋዘን ጠባቂው አራቱንም አሃዝ ሰርዞ እንዲጽፍ ማስተማር ነው። ማይክሮሶፍት መጠኑ በሙሉ 32 ቢት እንዲጻፍ አደረገ። ይህንንና ሌሎች ተዛማጅ ክፍተቶችን የሚዘጋውን ማሻሻያ ኤምኤስ17-010 በሚል ቁጥር መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017) በነፃ አወጣው።

59 ቀናት

ይህንን ክፍተት ቀድሞ ያገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ድርጅት፣ ኤንኤስኤ፣ ነበር። ለባለቤቱ ለማይክሮሶፍት ወዲያው ከመናገር ይልቅ ለራሱ የስለላ ሥራ መሣሪያ ሠራበት፤ ስሙንም ኢተርናልብሉ አለው። ራሳቸውን ሻዶው ብሮከርስ ብለው የሚጠሩ ሰዎች መሣሪያውን እጃቸው አስገብተው ሚያዝያ 6 ቀን 2009 ዓ.ም. ለዓለም ሁሉ በተኑት። ልብ በሉ፤ ጥገናው የወጣው ከዚህ አንድ ወር ቀድሞ ነው።

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ተለቀቀ። አንዱን ኮምፒዩተር ከያዘ በኋላ ራሱ እየዞረ 445 ቁጥር በር የተከፈተበትን ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ይገባል፣ ፋይሎችን ይቆልፋል፣ 300 ዶላር በቢትኮይን ይጠይቃል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን አዳረሰ። በእንግሊዝ አገር ከ236 የመንግሥት የጤና ተቋማት ቢያንስ 81 የሚሆኑት ተስተጓጉለው ከ6,900 በላይ የሕሙማን ቀጠሮዎች መሰረዛቸው ተረጋግጧል። በዓለም ዙሪያ ከተጠቁት ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የሚጠቀሙ ነበሩ።

ሥርጭቱን ያዘገየው ማርከስ ሃቺንስ የሚባል የ22 ዓመት እንግሊዛዊ ወጣት ነው፤ ከእኔ በአንድ ዓመት ቢበልጥ ነው። ቫይረሱ አንድ ያልተመዘገበ የድረ ገጽ አድራሻ እንደሚፈልግ አይቶ አድራሻውን በ10 ዶላር ከ69 ሳንቲም አስመዘገበው። ቫይረሱ አድራሻው መልስ ከሰጠው እንዲቆም ሆኖ የተሠራ ስለነበር ቆመ። ማይክሮሶፍትም ድጋፉን መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ላቆመው ለአሮጌው ኤክስፒ ሳይቀር አስቸኳይ ጥገና አወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ከመጋቢት 5 እስከ ግንቦት 4 ቢቆጠር 59 ቀን ነው። በእነዚህ 59 ቀናት ውስጥ ጥገናውን የወሰደ ኮምፒዩተር ዋናክራይ በዚህ በር አልገባበትም። ከሆስፒታሎቹ ጋር የተፈረደው በእውቀት እጦት አልነበረም፤ መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

መብራት የጠፋበት ቢሮ

ከአንድ ወር በኋላ ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የሚባል ሌላ ጥቃት መጣ። እሱም ኢተርናልብሉን ተጠቅሟል። ወደብ ባለበት መስመር ላይ ለምንኖር ለእኛ የሚታወቀው የዴንማርኩ የመርከብ ድርጅት ሜርስክ በዚህ ክፉኛ ተመታ። 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒዩተሮችን እንደ አዲስ መጫን ግድ ሆነበት።

ድርጅቱ የሠራተኞቹን የመግቢያ ፈቃድ የሚቆጣጠሩ ወደ 150 የሚሆኑ ሰርቨሮች ነበሩት። አንዱ የሌላው ቅጂ ስለሆነ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካል የሚል እምነት ነበር። ሁሉም ግን በአንድ ኔትወርክ የተያያዙ ስለነበሩ አብረው ጠፉ። አንድ ብቻ ተረፈ፤ እሱም ጋና ውስጥ ያለ ቢሮ ነው። ለምን ተረፈ? መብራት ጠፍቶ ስለነበር! የጋናው ኢንተርኔት ያንን ሁሉ መረጃ ለመላክ ስላልቻለ ሠራተኛው ዲስኩን ይዞ ናይጄሪያ ድረስ በረረ፤ እዚያ ሌላ ባልደረባ ተቀብሎት ወደ እንግሊዝ ወሰደው።

እኛ መብራት ሲጠፋ የምናማርር ሰዎች ይህንን ስንሰማ ፈገግ ማለታችን አይቀርም። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። ከኔትወርክ ያልተያያዘ አንድ ቅጂ ከተያያዙ 150 ቅጂዎች በልጦ ተገኘ። በተጨማሪም ኖትፔትያ የይለፍ ቃሎችንም ይሰርቅ ስለነበር ማሻሻያውን የወሰዱ አንዳንድ ኮምፒዩተሮችም አልዳኑም። ስለዚህ ጥገና የግድ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ጥገናው ለምን እኛ ጋ አይደርስም?

በኮፒ ቤቱ ያየሁትንና ከዚያ በኋላ ሰው ስጠይቅ የሰማሁትን ላስቀምጥ።

አንደኛው ክራክ ነው። ያልተገዛ ዊንዶውስ የሚጭን ልጅ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያጠፋው አፕዴቱን ነው፤ ክራኩ እንዳይበላሽበት። ደንበኛውም “አፕዴት አታድርግ፣ ይበላሽብሃል” ተብሎ ይመከራል። ሁለተኛው የፓኬጅ ዋጋ ነው። አፕዴት ዳታ ይበላል ብሎ የማያጠፋ ማን አለ? ሦስተኛው የኮምፒዩተሮቹ ዕድሜ ነው። የዊንዶውስ 7 መደበኛ ድጋፍ በጥር 2012 ዓ.ም.፣ የዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። አራተኛው “የእኔን ኮምፒዩተር ማን ይፈልገዋል?” የሚለው አስተሳሰብ ነው። ዋናክራይ ግን ማንንም ፈልጎ አልመጣም፤ የተከፈተ በር ሲያገኝ ገባ እንጂ።

የድሬ ሰው ይህንን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይገበያይበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ውኃ ግን ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ። ዝናቡ የዘነበው ሌላ ቦታ ነው፤ ጎርፉ የመጣው እዚህ ነው። ያንን የሰው ሕይወት ከፋይል ጋር ማወዳደሬ አይደለም። ከላይ የሚመጣ ነገር “ደረቅ ነው” ያልነውን ቦታ እንደሚፈልግ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም ለማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ባለሙያው ልጅ ያሳየኝን በቀላሉ ላስቀምጥ።

1ኛ. በሩን መዝጋት። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ ኮንትሮል ፓነል ገብታችሁ ፕሮግራምስ የሚለውን፣ ቀጥሎ ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ የሚለውን ክፈቱ። ኤስኤምቢ 1.0 የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ምልክት ካለበት አንሱትና ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ አብሩ። አዲሶቹ ኤስኤምቢ 2 እና 3 ስላሉ ሼር የተደረገው ፎልደር መሥራቱን ይቀጥላል፤ ምናልባት በጣም አሮጌ ፕሪንተር ወይም ስካነር ካለ ሊያስቸግር ይችላል። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ወዲህ የወጡ ዊንዶውሶች እንደ አዲስ ሲጫኑ የኤስኤምቢ 1 አገልጋይ ክፍል አብሮ አይመጣም።

2ኛ. ጥገናውን መጫን። ዊንዶውስ 7 ካልቀየራችሁ ቢያንስ ኬቢ4012212 የሚባለውን ማሻሻያ ጫኑ። ከማይክሮሶፍት የራሱ ማውጫ አንድ ጊዜ ወርዶ በፍላሽ ለሁሉም ኮምፒዩተር ይዳረሳል፤ ለእያንዳንዱ ፓኬጅ ማቃጠል አያስፈልግም። ከዚያ ወዲህ የተገኙ ክፍተቶችን ግን ስለማይዘጋ ዘላቂው መፍትሔ ድጋፉ ወዳልተቋረጠ እትም መሻገር ነው።

3ኛ. ዋይፋይ ስትገቡ ዊንዶውስ “ፐብሊክ ነው ወይስ ፕራይቬት?” ብሎ ከጠየቀ ከቤታችሁ ውጭ ሁልጊዜ ፐብሊክ በሉ። ያኔ ፋየርዎሉ ፋይል ሼር የሚደረግበትን በር ከውጭ ለሚመጣ ይዘጋል።

4ኛ. አንድ ቅጂ ከኔትወርክ ውጭ ይኑር። ፍላሹ ኮምፒዩተሩ ላይ ተሰክቶ ከዋለ እሱም አብሮ ይቆለፋል፤ ገልብጣችሁ ንቀሉት። የጋናውን ቢሮ አስታውሱ።

5ኛ. የሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ በሩ ክፍት መሆኑን “ልሞክር” አትበሉ። ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒዩተር መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። ለባለቤቱ ንገሩት፤ ከፈቀደ አብራችሁት ዝጉ።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ዘገባ ስንሠራ ምንጭን መጠበቅ ብለን በክፍል እንማራለን። ፋይሉን የት እንደምናስቀምጥም የዚያው ትምህርት አካል ቢሆን ጥሩ ይመስለኛል። በሴሚስተር አንድ ሰዓት ይበቃል።

የእኛ ነገር እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁና ላብቃ። መምህራችን አንድ ሳምንት ጨመሩልን። ወደ ዘጠኙም ሴቶች ተመለስን፤ ስድስቱ እንደገና አነጋገሩን። ከመካከላቸው አንዷ መጀመሪያ ስናነጋግራቸው “ድምፄ ከእናንተ እጅ አይወጣም አይደል?” ብለውን ነበር። እኔ ነኝ “አይወጣም፣ እማማ” ያልኳቸው። የተቆለፈው ፋይል ከመቆለፉ በፊት በማን እጅ ገብቶ እንደነበር አላውቅም። ስመለስ እውነቱን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና “አሁንስ የት ነው የምታስቀምጪው?” አሉኝ።

ይህንን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ ጥያቄ መልስ እንዲኖረኝ ነው።